እታገር ሊማሊሞን ስትወጣ

ደርቤ የጄኔሬተሩን ገመድ ሲስበው ሞተሩ አንዴ አስሎ ዝም አለ። ከአዳራሹ ውስጥ ፉጨትና የወንበር መንቋቋት ተያይዞ ወጣ። መብራት የሄደው ከዳባት የመጣችው ተወዳዳሪ የመጨረሻውን ገደል ልትሻገር ስትንደረደር ነበር፤ ግድግዳው ላይ የተወጠረው ነጭ አንሶላ በአንድ ጊዜ ጨልሞ ቀረ።

ሕሊና በኋላው በር ብቅ አለች። «ደርቤ፣ ፍጠን እንጂ! ዳባቶች ሆን ብለው ነው ያጠፉብን እያሉ ነው።»

«እኔ ምን ላድርግ? ነዳጅ አጠጥቼዋለሁ፤ ብርዱ ነው የያዘው።»

«የአዲስ አበባው እንግዳ ታደለም ሰዓቱን እያየ ነው።»

ደርቤ ጃኬቱን አወለቀ። እግሩን ሞተሩ ላይ አስደግፎ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበው። ጄኔሬተሩ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ተነሣ፤ ከእሱ ድምፅ ግን የአዳራሹ ሆታ ባሰ።

ቅዳሜ ነበር፤ የደባርቅ ገበያ ቀን። የከተማው የወጣቶች አዳራሽ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። ወንበር ያጡት መስኮት ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ከገበያ የመጡት ጆንያቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። የባጃጅ ሾፌሮች ሥራቸውን ትተው ገብተዋል። የሁሉም ዓይን አንሶላው ላይ ነው። አንሶላው ላይ ረጅም ቀሚስ የለበሰች፣ ሻሽ ያሰረች፣ ጋቢ የደረበችና በትር የጨበጠች አንዲት ሴት ገደል አፋፍ ላይ ቆማለች። እታገር ናት።

በእነዚህ ተራሮች ግርጌ ስልክ ይዞ እታገርን የማያውቅ ሰው የለም። ከጎንደር ደባርቅ በሚመላለሱት ሚኒባሶች ውስጥ ተሳፋሪው አንገቱን ደፍቶ ገደል የሚያስወጣት እሷን ነው። ሥዕሏ የባጃጅ ጀርባ ላይ ተለጥፏል፤ ቲሸርት ላይ ታትሟል። ዘንድሮ ደግሞ አዲስ አበባም፣ ባሕር ማዶም ያሉ ሰዎች ስልካቸው ላይ አውርደዋታል። ጨዋታው ቀላል ነው። እታገር ከዛሪማ ተነሥታ በሊማሊሞ ገደል፣ በእግር መንገዱ፣ ደባርቅ መውጣት አለባት። ከወደቀች እንደገና ከታች ትጀምራለች።

«ዝለይ፣ እታገር!» አዳራሹ በአንድ ድምፅ ጮኸ።

የዳባቷ ተማሪ ጽጌሬዳ ስልኩን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ አውራ ጣቷን አነሣች። እታገር ዘለለች። የበትሩ ጫፍ የማዶውን ድንጋይ ነካ፣ ሸተት አለ፣ ያዘ። ጽጌሬዳ ገና አፏን ሳትከፍት ዳባቶች ወንበር ላይ ወጥተው ነበር። አንዱ ጋቢውን ወደ ላይ ወረወረ። ከዛሪማ የመጡት ደጋፊዎች ራሳቸው ቅናታቸውን ረስተው አጨበጨቡ። ሕሊና አሸናፊዋን ለማስተዋወቅ ማይኩን ስታነሣ ድምፅዋ ተዘግቶ አገኘችው፤ ሳይታወቃት ከሁሉም በላይ ስትጮህ የቆየችው እሷ ነበረች።

እታገር ስትወለድ ሰው አልነበረችም። ጥቁር ነጥብ ነበረች።

ኔትወርክ የጠፋበት ዓመት ነበር። ሕሊና መናኸሪያው አጠገብ በከፈተቻት የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ሥራ አጥታ ስትቀመጥ፣ ትምህርቱ ተቋርጦበት ከጎንደር የተመለሰው ደርቤ ሊያጫውታት ይመጣ ነበር። በአሮጌው ላፕቶፕ አንዲት ነጥብ ከመስመር መስመር እንድትዘል አደረጉ። ነጥቧ አድጋ አራት ማዕዘን ሆነች። ለአራት ማዕዘኗ እግር ሠሩላት፤ እግሯ ግን አልታጠፍ አለ፤ ስትራመድ እንደ መቀስ ትከፈታለች። ደርቤ በሳቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሕሊና እግሩን ለመሸፈን ብላ ረጅም ቀሚስ ሣለችላት፤ አራት ማዕዘኗ በዚያ ቀን ሴት ሆነች። ፀጉር መሣል ቢያስቸግራቸው ሻሽ አሰሩላት። እጇ አጥሮ የላይኛውን ድንጋይ መንካት ቢያቅታት በትር አስያዟት።

በትሩን ባስያዟት ማግሥት ሕሊና ላፕቶፑን ከፍታ ሥዕሏን ደጋግማ አየቻት።

«ደርቤ» አለች በመጨረሻ፤ «እኔ ይችን ሴትዮ አውቃታለሁ።»

ጦርነቱ መንገዱን በዘጋው ክረምት ሕሊናና እናቷ ስጦታ ከዛሪማ የሸሹት በሊማሊሞ የእግር መንገድ ነበር። ጉሙ አጠገብ ያለውን ሰው እንኳ አያሳይም። ከገደሉ ሥር አንዲት የማያውቋት ሴት በትሯን ድንጋዩ ላይ እየመታች «እኔ የረገጥሁትን እርገጡ» ብላ ከፊታቸው ወጣች። መንገዱ በተናደበት ሁሉ ቀድማ ትሻገርና በትሯን ትዘረጋላቸዋለች። ከሰዎቹ አንዱ እታገር ብሎ ሲጠራት ሕሊና ሰምታለች። አናቱ ላይ ደርሰው ልታመሰግናት ስትዞር ሴትየዋ አልነበረችም፤ ተመልሳ ወርዳለች። ሕሊና ዓይን ውስጥ የቀረው ጀርባዋ፣ ቀሚሷና በትሯ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ሌላ ሆነ። ገደሉ ሊማሊሞ ሆነ፤ ሴትየዋም ስም አገኘች። ኢንተርኔት ስላልነበረ ከስልክ ስልክ በብሉቱዝ ተሻገረች። የሚኒባስ ረዳት ለተሳፋሪ፣ ተማሪ ለተማሪ አቀበላት። ኔትወርኩ ሲመለስ እታገር ከሠሯት ልጆች ቀድማ ጎንደር ገብታ ነበር። ሕሊና እውነተኛዋን ሴት ገበያም ቤተ ክርስቲያንም ስታፈላልግ ኖረች፤ ግን በቁልምጫ ስም ብቻ ሰው እንዴት ይገኛል? እታገር የሚሏት ሴት በየመንደሩ አለች።

ጽጌሬዳ ሽልማቷን ተቀብላ የአገሯ ልጆች ትከሻ ላይ ስትወጣ፣ ታደለ ከፊት ወንበር ተነሥቶ ወደ መድረኩ ጥግ መጣ። ታደለ ከአንድ የአዲስ አበባ የጌም ኩባንያ የተላከ ወጣት ነው፤ ትናንት ሲደርስ ብርዱን ሲረግም የነበረው ሰውዬ አሁን ጃኬቱን ከፍቶ ግንባሩን ይጠርጋል።

«እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም!» አለ። «ሕሊና፣ ለዘመን መለወጫ በመላው አገሪቱ እንለቃታለን። ከዚያ ናይሮቢ! ከዚያ ዱባይ! ዛሬ ፋይሉን ስጡኝና ፈርሙ፤ ነገ ጠዋት ከጎንደር እበራለሁ።»

«ፊቷስ?»

ታደለ ታብሌቱን ከፈተ። የኩባንያው ሠዓሊዎች የሠሯት አዲሷ እታገር ሃያ ዓመት የሞላት አትመስልም፤ ጉንጯ ልስልስ ያለ፣ ወገቧ ቀጭን፣ እግሯ ላይ ያደረገችው ስፖርት ጫማ።

«ሰው ከወጣት ጋር መጫወት ነው የሚወደው» አለ። «በትሩን አልነካንብሽም። ጋቢውንም።»

«እሷ እንዲህ አይደለችም።»

«እሷ ማን?»

ሕሊና ሳትመልስ፣ መስኮት ላይ የተንጠለጠለ አንድ ጎረምሳ ወደ ውጭ እያየ ጮኸ።

«እታገር! ኧረ እታገር መጣች!»

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ሻሿ ደብዝዟል፣ ጋቢዋ ከትከሻዋ ወርዷል፣ በአንድ እጇ በትር፣ በሌላው ግማሽ የጎደለ የነጭ ሽንኩርት ኬሻ ይዛለች። አንሶላው ላይ ያለችው እታገርና በሩ ላይ ያለችው ሴት ፊት ለፊት ሆኑ። አዳራሹ ጣሪያው የሚነሣ እስኪመስል ጮኸ።

«እ-ታ-ገር! እ-ታ-ገር!»

ሴትየዋ በትሯን ወለሉ ላይ መታች። «ዝም በሉ! ዝም በሉ እንጂ! እኔ መጫወቻ ነኝ?»

ጩኸቱ ቀስ በቀስ ወደቀ።

«ይችን ነገር ስልክ ውስጥ የከተተቻት ልጅ የታለች?»

ያንን ድምፅ ሕሊና በጉም ውስጥ ሰምታዋለች። ከመድረኩ ወርዳ ሰው እየገፋች ሴትየዋ ፊት ቆመች።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«አንቺ ነሽ? ምን በድዬሽ ነው ልጄ? አገርነሽ ነው ስሜ፤ እታገር የሚሉኝ የሚወዱኝ ናቸው። አሁን ግን ገበያ ወጥቼ ሽንኩርቴን ልሽጥ ብል ልጁ ሁሉ ዝለይ፣ ዝለይ ይለኛል። እኔ ፍየል ነኝ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሕሊና አልሳቀችም። «ሳላስፈቅድዎ ነው የሠራሁት» አለች። «ብፈልግዎ፣ ብፈልግዎ አጣሁዎት። እስኪ ይቀመጡና ይዩት። ካልወደዱት ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ።»

«ሕሊና!» አለ ደርቤ ከፕሮጀክተሩ ጀርባ። ታደለም የያዘውን ውል ደረቱ ላይ አጥብቆ ጠጋ አለ።

«አጠፋዋለሁ አልሁ።»

ወይዘሮ አገርነሽ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ከዚያ ኬሻዋን ግድግዳው ሥር አስቀምጣ ሄዳ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ደርቤ ጨዋታውን ከመጀመሪያው አስነሣላት። ትንሿ ሴት ቀሚሷን እየጎተተች ከዛሪማ ወጣች፤ በትሯን ሰደደች፤ ዘለለች። ወይዘሮ አገርነሽ አገጯን በትሯ ላይ አስደግፋ አየች።

«ይች ናት እኔ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ጋቢዬን ምን አድርጋችሁት ነው እንዲህ የሚነፋው?»

«እሱ የእኔ ስሕተት ነው፣ እትዬ» አለ ደርቤ ቶሎ ብሎ። «ዘለው ሲስቱ የሚወርዱበትን ፍጥነት በቁጥር ስጽፍ ተሳሳትሁ። ቶሎ መውደቅ ሲገባዎት አንዳንዴ ጋቢዎ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ይንሳፈፋሉ። ልናርመው ስንል ተጫዋቹ ሁሉ አይነካም አለ።»

«ተንሳፈፍሁ?» የከንፈሯ ዳር ተንቀሳቀሰ። «ወዲህ በይው እስኪ።»

ሕሊና ስልኩን ሰጠቻት። ጽጌሬዳ ከደጋፊዎቿ ትከሻ ላይ ወርዳ እየሮጠች መጣችና አጠገቧ ተንበረከከች። «በዚህ ይሄዳሉ፣ በዚህ ይዘላሉ» ብላ አሳየቻት። የወይዘሮ አገርነሽ አውራ ጣት ከመጠንከሩ የተነሣ ስልኩ አልሰማ አላት፤ በከንፈሯ አርጥባ እንደገና ነካችው። እታገር ሁለት እርምጃ ሄዳ ቀጥ ብላ ገደል ገባች።

«ቆይ! ማን ገፋኝ?»

ሳቁ ከግድግዳ ግድግዳ ተላተመ።

«አትሣቁ! ቆይ!» እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ወደቀች። ሰውነቷ ከጣቷ ጋር አብሮ ይዘላል፤ በትሯ ከጉልበቷ ወደቀ፣ አላነሣችውም። «ቀኝ! ቀኝ!» ይላሉ ዳባቶች። «ቆይተው ይዝለሉ!» ይላሉ ዛሪማዎች። በስተመጨረሻ እታገር የመጀመሪያውን ድንጋይ ያዘች፤ ሁለተኛውን ያዘች፤ ሦስተኛው ላይ አመለጣት። ወይዘሮ አገርነሽ «ወይኔ!» ብላ ዓይኗን ልትጨፍን ስትል ጋቢው ተዘረጋ። ትንሿ ሴት በአየር ላይ እየተወዛወዘች ወደ ማዶው አለት ተንሳፈፈች።

«በረርሁ!» ወይዘሮ አገርነሽ ከወንበሯ ተነሣች። «እናንተ፣ በረርሁ!»

አዳራሹም አብሯት በረረ። እልልታው ከገበያተኞቹ በኩል ተነሣ። ጽጌሬዳ እጇን እያራገበች ትዘላለች። ታደለም ውሉን ዘንግቶ በፉጨት ጆሮ ያደነቁራል።

ጩኸቱ ጋብ ሲል ታደለ አጋጣሚው እንዳያልፈው ታብሌቱን ይዞ ፈጥኖ ቀረበ። «እናቴ፣ አዲሷን እታገር ደግሞ ይዩልኝ። ኩባንያችን እንዲህ ሊያደርጋት ነው። ምን ይላሉ?»

ሕሊና ጥርሷን ነከሰች። ላለፈው አንድ ወር ከታደለ ጋር በስልክ የተከራከሩት ስለዚህ ፊት ነው፤ አሁን ፍርዱ እንደ በትር ታደለ ላይ እንደሚወርድ እርግጠኛ ነበረች።

ወይዘሮ አገርነሽ ታብሌቱን አርቃ ያዘችው። ከዚያ የጎደለ ጥርሷን እያሳየች ከት ብላ ሳቀች። «ይች ሸጋ! እኔ ናት እንዴ? አድርጉኝ እንጂ! ወጣት ካደረጋችሁኝማ ጥርሴንም መልሱልኝ።»

ታደለ ሕሊናን በድል አድራጊነት ተመለከታት። ሕሊና አንድ ወር ሙሉ የተሟገተችለትን ፊት ባለፊቷ ራሷ እየሳቀች አሳልፋ ሰጠችው።

ወይዘሮ አገርነሽ ግን ስልኩን አልለቀቀችም። ተቀምጣ መውጣቷን ቀጠለች፤ እጇም እየለመደ ሄደ። የመጀመሪያውን ዙር ስትጨርስ አንሶላው ላይ ኮከብ ፈነዳ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ጽጌሬዳ «አሁን ወደ ላይ!» አለቻት። ወይዘሮ አገርነሽ ወደ ላይ አልሄደችም። ትንሿን ሴት ወደ ኋላ አዞረቻት። አንድ ድንጋይ ወረደች፣ ሌላ ወረደች፣ ቆመች። ወደ ግራ አየች፤ ወደ ቀኝ ሄደች።

«ምን ፈልገው ነው፣ እትዬ?» አለች ሕሊና።

«ሰዎቹን።»

«የትኞቹን ሰዎች?»

«ከኋላዬ ያሉትን ነዋ።»

«የሉም እኮ። ብቻዎን ነው የሚወጡት።»

ወይዘሮ አገርነሽ ቀና አለች። «ብቻዬንማ ለምን እወጣለሁ? እኔ እዚያ ላይ ምን አለኝ?»

ሕሊና ልትመልስ አፏን ከፈተች። ያኔ የተጫዋቾቹ ስልክ ከአንድ የሚንቀሳቀስ ሰው በላይ አይችልም ነበር ልትል ነበር፤ እውነትም ነው። ግን ስልኩ ብቻ አልነበረም። እሷ ራሷ በዚያ ጉም ውስጥ ያየችው የፊተኛዋን ጀርባ ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ ዞራ አላየችም።

«ስንት ሰው መሰለሽ» አለች ወይዘሮ አገርነሽ፤ አሁን የምታወራው ለሕሊና ብቻ ነበር፤ እስከ መስኮቱ ድረስ ያለው ሰው ግን ያዳምጣት ነበር። «አንዱ ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናዬን ጥዬ አልሄድም ብሎ በጀርባው አዘለው። ተው ብለው፣ ብለምነው፣ እምቢ! በየገደሉ የምፈራው ለእሱ ሳይሆን ለመኪናው ነበር።»

«አለሁ!»

ድምፁ የመጣው ከኋላ ግድግዳ በኩል ነው። አንገቱ ላይ የልብስ መለኪያ ሜትር ያንጠለጠለ ሽበታም ሰው በሰው መሀል እየተጋፋ ወደ ፊት መጣ። የዛሪማው ይግዛው ነው፤ ዛሬ ደባርቅ ገበያ መግቢያው ላይ ሱሪ ያሳጥራል።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ አገርነሽ! መኪናዋም አለች፤ ዛሬም ትሰፋለች!»

«አንተ ግትር!» ወይዘሮ አገርነሽ ተነሥታ በሁለት እጇ ትከሻውን ያዘችው። «ኧረ በሞትሁት! ጀርባህ ዳነ?»

«እኔም ነበርሁ!» አለች አንዲት ወጣት ሴት ከመሀል። አንዲት ሕፃን ከወንበሯ ወደ ላይ አነሣች። «ይህችን እርጉዝ ሆኜ! በትርዎን ጨብጬ ነው የወጣሁት። ይኸውልዎ!»

«እኔም!» አለ አንዱ። «እኔና እናቴም!» ወንበር ተንቋቋ፤ አንድ እዚህ፣ ሁለት እዚያ ሰው ተነሣ። በስልክ ሲያጫውቷት የከረሙት፣ አንገታቸውን ደፍተው ሺህ ጊዜ የጣሏትና ያነሷት ሰዎች አሁን ለራሷ ይናገሩ ጀመር። የቀሩት ዞረው ያይዋቸዋል። ተጎራብተው ሲኖሩ እንኳ ይህን የማያውቁ ነበሩ። ከዳር እልልታ ተነሣ፤ ከቅድሙ የበረታ፣ ማቆሚያ የሌለው እልልታ።

ሕሊና በግርግሩ መሀል ወይዘሮ አገርነሽ ጆሮ ሥር ደረሰች። «እኔም ነበርሁ፣ እትዬ።»

«አንቺም? የማን ልጅ ነሽ?»

«የስጦታ። ዛሪማ ሻይ ቤት የነበራት።»

«ሻይ ቤቷን አውቃለሁ።» ትክ ብላ አየቻት፤ ራሷን ነቀነቀች። «አንቺን ግን አላስታውስሽም ልጄ። ፊት የማይበት ጊዜ አልነበረም። የማየው እግር ነበር፤ የት ይረግጡ ይሆን እያልሁ።»

ሕሊና ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከእንባ ጋር ነው የወጣው። ከዚያ እሳት እንደነካው ሰው ዞር ብላ ደርቤን ፈለገችው። ደርቤ አስቀድሞ በወንበር ላይ ተሻግሮ እየመጣ ነበር፤ ዓይኑን አይታ የሚያስበው ተመሳሳይ ነገር መሆኑን አወቀች።

«ከኋላ ይከተሏታል» አለች።

«ሁሉም አንድ አይነት አይሆኑም!» አለ ደርቤ። «ልብስ ሰፊው ከባድ ነው፤ እሱ ሲረግጠው ድንጋዩ ይንሸራተታል።»

«እርጉዟ ማረፍ አለባት። ተጫዋቹ ካቻኮላት ትቀራለች።»

«በትሩን ተሻግራ ትዘረጋላቸዋለች! እስካሁን በትሩ ለራሷ ብቻ ነበር እኮ፣ ሕሊና፤ እንዴት አላሰብነውም?»

«አናት ላይ ስትደርስ አያልቅም። ተመልሳ ትወርዳለች።»

ደርቤ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «አያልቅም!» አለ። «በእግዜር፣ ይህ ጨዋታ ከቶ አያልቅም!»

ታደለ አጠገባቸው ቆሞ ሲሰማ ቆይቷል። ውሉ በላስቲክ ተሸፍኖ እጁ ላይ ነው።

«ገብቶኛል» አለ ዝግ ብሎ። «እውነቴን ነው፤ ቆንጆ ሐሳብ ነው። ለሁለተኛው ዙር እናድርገው። ለአሁኑ ያለችውን ስጡኝ።»

«ምን ያህል ይፈጅብናል?» አለች ሕሊና ደርቤን።

«በርትተን ከሠራን እስከ ጥምቀት።»

«ዘመን መለወጫ ካለፈ ቦታችሁን ለሌላ ጌም ይሰጡታል» አለ ታደለ። «ላስፈራራሽ አይደለም። እኔ አለቃ አይደለሁም፤ ላቆይላችሁ አልችልም። ከዚያ በኋላ ይጥሩሽ አይጥሩሽ አላውቅም።»

ይህ ዕድል ምን ማለት እንደሆነ ደርቤም ሕሊናም ያውቃሉ፤ ከዚያች የኮፒ ቤት የሚያወጣ መንገድ ሌላ መጥቶላቸው አያውቅም። መድረኩ ሥር ደግሞ ሰዎቹ ወይዘሮ አገርነሽን ከበው ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራሉ፤ ምን ተሸክመው እንደነበር፣ የት ላይ እንደተንሸራተቱ፣ ማን ማንን እንደደገፈ። ይግዛው ጎንበስ ብሎ መኪናዋን እንዴት እንዳዘላት ያሳያል። ጽጌሬዳ በሳቅ ትንፋሽ አጥሯታል። ገበያው ሊበተን ነው፤ ከመሸ ሁሉም ወደየመንደሩ ይሄዳል።

«ታደለ» አለች ሕሊና፤ «የውሉ ጀርባ ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው። ምነው?»

እጇን ዘረጋች። ታደለ መጀመሪያ እሷን አየ፤ ቀጥሎ የከበቡትን ሰዎች። ውሉን ከላስቲኩ አውጥቶ ሰጣት። ትንሽ አመነታና ከኪሱ ብዕሩንም ጨመረላት።

ሕሊና ሳትፈርም ወረቀቱን ገልብጣ፣ ባዶው ላይ ልትሥል መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሽ ይግዛው!» ብላ ጠራች በተዘጋው ድምፅዋ። «መጀመሪያ እርስዎ ይምጡ። አሁን እንዳጎነበሱት ሆነው ይቁሙልኝ፤ ቀና እንዳይሉ።»